እስቲ እዚያ ጋ ቁሚ

ልኬት አለ ደግሞ፣ ይኸው ከቁርስ ወዲህ አራተኛው ነው፣ ሳሎን፣ ክሬም፣ ሁለተኛ እጅ፣ ልኬት፣ እያለ ከግድግዳው ወዲያ ለስልኩ ያወራል፣ እሷ ከግድግዳው ወዲህ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የሸሚዙን እጅጌ ትሰፋለች፣ አልሰማም ትላለች፣ መርፌውን እያየች አልሰማም፣ ክሩን በምራቋ እያሾለች አልሰማም፣ ጆሮዋ ግን መች ይታዘዛል፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ስልክ ማዞሪያ ላይ ሲሰማ የኖረ ጆሮ ዛሬ አርፈህ ተኛ ቢሉት እሺ ይላል እንዴ። አይልም።

ሸሚዙን የተረተረችውም ራሷ ነች። ሦስት ሸሚዝ። ከወር በፊት ቀለም ሲቀባ መሰላሉ ተንሸራቶበት ወደቀ፣ ሁለት እጁን በጀሶ ጠፍረው ሲልኩላት እጅጌ የሚባል ነገር አልገባ አለ፣ ተርትሪው ምን ታደርጊዋለሽ አላት፣ ተረተረች፣ ዛሬ ጀሶው ይፈታል፣ እና ትሰፋለች። ዕድሜ ልኩን የሰው ግድግዳ በጀሶ ሲለስን የኖረ ሰው ይኸው ራሱ ተለሰነ፣ ይህን ቀልድ ለሐኪሙ ነግሯል፣ ለነርሷ ነግሯል፣ ለባለታክሲው ጎረቤታቸው ነግሯል፣ ለእሷማ ስንት ጊዜ፣ በነገራት ቁጥር ስቃለች፣ ምን ታድርግ፣ ሲያወራው ፊቱ ይበራል፣ ያን ፊት እያየ አለመሳቅ የሚችል ካለ ይምጣና ይሞክረው።

የስልኩን ነገር ያመጣችው ልጃቸው ናት። ሌላ ከተማ አዋላጅ ናት፣ አባቷ መውደቁን ሰምታ በማግስቱ ደረሰች፣ ቁጭ ብሎ ጣሪያ ሲያይ አገኘችው፣ አባዬ እጅህ ባይሠራ አፍህ ይሠራል አይደል አለችው፣ እሱማ መቼ ሥራ ፈትቶ ያውቃል አለች እናት ከኩሽና፣ ልጅቷም ሳምንት ሙሉ ተቀምጣ ካርቶን ውስጥ ያሉትን የድሮ ፎቶዎች አንድ በአንድ እያነሳች ስልኩ ውስጥ ከተተችለት፣ ከአዲሶቹ ጋር አሥራ አንድ ሺህ ፎቶ፣ ግድግዳ በግድግዳ። ሰውዬው የቀባውን ቤት ሁሉ ሳይቀባው አንድ፣ ቀብቶት አንድ ማንሳት ልማዱ ነው፣ ባለቤቶቹ ኋላ እኔ ያልኩህ ቀለም ይሄ አይደለም እንዳይሉት። አሁን ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ተደግፎ ይቆማል፣ አንድ ፎቶ ብቅ ይላል፣ እሱ ምን እንደሆነ በአፉ ይናገራል፣ ያለው ቃል ፎቶው ሥር ይጻፋል፣ ተመዝግቧል ትላለች ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ፣ ቀጣዩ ይመጣል። ኋላ ክሬም ቢል ክሬም የተባለው ሁሉ ይሰበሰብለታል፣ ኩሽና ቢል ኩሽናው ሁሉ፣ ሁለተኛ እጅ ቢል ሁለቴ የተቀባው ሁሉ። ጉድ ነው መቼስ።

ያቺ ሴትዮ። ተመዝግቧል። እንደ ባለሙያ ከተጠየቀች ድምፅዋ ንጹሕ ነው፣ አይካድም፣ ግን ትንፋሽ የላትም፣ ትንፋሽ የሌለው ድምፅ ደግሞ ሰው አያረጋጋም፣ ማዞሪያው ላይ አንድ ቀን ብትቀመጥ ደዋዩ ሁሉ ይጮህባት ነበር። ይሄ ሰውዬ ግን እባክሽ ይላታል፣ እባክሽ የኔ እመቤት ቀጣዩን፣ አመሰግናለሁ፣ ለእሷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስሚ ነው፣ ስሚ ውሃ፣ ስሚ ካልሲዬ የት ሄደ፣ ስሚ ሰው መጥቷል። እሷም አባቷ ነው የምትለው፣ በልጃቸው፣ ሁለቱም ከዚያ አልፈው ሄደው አያውቁም፣ ጎድሎባቸውም አያውቅም፣ እና በዚህ ዕድሜዋ በስልክ ሴትዮ ልትቀና ነው? ኧረ ወዲያ። ትንሽ። ትንሽ ቀንታለች።

ኮሪደር፣ ነጭ፣ ልኬት። ይኸው አምስተኛው። ልኬት ሲል ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ሌላውን ሁሉ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ጠራ ጠራ አድርጎ ይናገርና እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ የመጀመሪያው ቀን ነው ያስተዋለችው፣ ደክሞት ይሆናል አለች፣ በሁለተኛው ቀን ሥራው ናፍቆት ይሆናል አለች። በእሷ ሙያ የሚሰማው የሚባለው ነገር አይደለም፣ የሚባልበት ድምፅ ነው፣ ደዋይ ሄሎ ብሎ አፉን ሳይገጥም ሐዘን ይሁን ደስታ፣ ልመና ይሁን ቁጣ ታውቀዋለች፣ የሚፈልገውን ቁጥር ከመንገሩ በፊት። ይሄኛው ግን አልገባትም። ልኬት ምኑ ሰው ያለሰልሳል? ሜትር ነው፣ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሌላ ምን አለው።

የዚህ የፎቶ ጣጣ ባይመጣ ይህን ያህልም ባላዳመጠችው ነበር። ዓርብ መሥሪያ ቤቷ ይሸኛታል። ጡረታ። የተጠራቀመ ዕረፍትሽን ውሰጂ ብለዋት ነው ይኸው ቤት የዋለችው፣ ከተጋቡ ጀምሮ ቀን ቀን አብረው ሲውሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው፣ እሱ በጀሶ እሷ በዕረፍት። ወጣቷ ኃላፊዋ ደወለችላት፣ እትዬ ሥራ የጀመሩ ሰሞን የተነሡት ፎቶ ያስፈልገናል፣ በትልቁ አሳትመን አዳራሹ ውስጥ እንሰቅለዋለን፣ ለሁሉም ተሸኚ የምናደርገው ነው፣ ቢዘገይ እስከ ሐሙስ ጠዋት። ሐሙስ ነገ ነው። እሷ ዘንድ ያለው የዚያ ዘመን ፎቶ የመታወቂያዋ ብቻ ነው፣ እዚያ ላይ ደግሞ ሠራተኛ አትመስልም፣ ፖሊስ የያዛት ነው የምትመስለው። የሠርጋቸውን ፎቶ እንዳታመጣ አንሺው ፊልሙን ብርሃን አስገብቶበት አቃጥሎታል፣ ሁለት ተርፏል፣ በሁለቱም ላይ በደንብ የምትታየው ሚዜዋ ናት።

ያኔ ነው በልቧ የተወራረደችው፣ ለማንም ሳትናገር፣ ከራሷ ጋር። አሥራ አንድ ሺህ ፎቶ ያነሳ ሰው ዘንድ እኔ አንድ እንኳ ከሌለሁ፣ እንግዲያው ይሄ ሰው አይቶኝ አያውቅም። መውደዱንማ ወዷታል፣ እሱን ብትክድ ግፍ ነው፣ ሲያማት ቁጭ ብሎ የሚያድረው ማን ሆነና፣ ክረምት ሲገባ የፈረቃ ጫማዋን ጠርጎ ምድጃው አጠገብ የሚያስቀምጠው ማን ሆነና፣ ግን መውደድ ሌላ ማየት ሌላ፣ የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ ከበር ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው እሷ ፀጉሯን ስታሳጥር በሳምንቱ ነው የነቃው፣ ስሚ አንቺ ምን ሆነሻል፣ ምን ሆንኩ፣ እንጃ የሆነ ነገርሽ ተለውጧል፣ ባለፈው ወር እኮ ነው ይሄ፣ ሊወድቅ ሰሞን። ሆድ ይብሳታል። ስልሳ ሊሞላት ምን ቀርቷት፣ አያፍርም ይሄ ሆዷ፣ ይብሰዋል።

ደግሞ ካሜራ ፊት አላቆማትም እንዳይባል አቁሟታል። እንደ መለኪያ። ፈረቃዋ ከሰዓት የሆነ ቀን ጠዋት ምሳ ዕቃውን ይዛለት እሱ የሚቀባበት ቤት ትሄድ ነበር፣ ገና ከደጅ ሲያያት ምሳውን አይቀበላት፣ ደህና አደርሽ የለ፣ እስቲ እዚያ ጋ ቁሚ፣ የቱ ጋ፣ ግድግዳው ጋ፣ ለምን፣ ቁመቱን ልየው፣ ባዶውን ሲሆን አይታወቅም ሰው ሲቆምበት ነው፣ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት ነሽ አይደል፣ ነኝ፣ በቃ አትነቃነቂ። ቀጭ። ምሳ ዕቃውን እንዳንጠለጠለች። አንድ ጊዜ ማዞሪያ ክፍል አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ባልሽ ፎቶ ያነሳሻል ወይ ብትላት፣ ግድግዳ ነው የሚያነሳው እኔ ሜትሩ ነኝ አለቻት፣ እስኪበቃቸው ሳቁ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ግን ያን ቀልድ ለእሱ ሳትነግረው ቀረች። ፎቶዎቹንም አምጣ ልያቸው ብላው አታውቅም። የሰው ግድግዳ ምን ብላ ታያለች፣ ከቀለም ቆርቆሮው ጋር ዕቃ ቤት ገብተው ቀሩ።

የባሰው ትናንት ነው። ልጅቷ ደወለች፣ እሱ እጅ ስለሌለው በድምፅ ማጉያ ነው የሚያወራው፣ ቤቱ ሁሉ ይሰማል፣ አባዬ የእማዬን ፎቶ እስከ አሁን አላገኘህም እንዴ፣ ሴትዮዋን ጠይቃት እንጂ፣ እናት በል እስቲ። እናት፣ አለ። ምንም ፎቶ አልተገኘም። ሚስት በል እሺ። ሚስት። ምንም ፎቶ አልተገኘም። እማዬ ብለህ ይሆናል የመዘገብከው፣ እማዬ በል። እማዬ፣ አለ ሽማግሌው። ምንም ፎቶ አልተገኘም። ያለ ትንፋሽ። እሷ በዚህ በኩል የትራስ ልብስ እያጠፈች ነበር፣ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው፣ በዚያ በኩል እሱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ አለ አለ፣ እኔ ያለበትን አውቃለሁ፣ አንቺ አታስቢ፣ አላት። ያለበትን ያውቃል! ውሸቱን ለመስማት ባለሙያ መሆንም አያስፈልግም አለች በልቧ፣ ምንም እንኳ፣ እውነቱን ከተናገርን፣ ድምፁ የዋሸ ሰው ድምፅ አልነበረም። ማታ ሾርባውን ስታበላው ማንኪያውን ፈጠን ፈጠን አደረገችበት፣ ኧረ ቀስ፣ ግድግዳ ነው እንዴ የምትቀቢው አላት፣ አልሳቀችም፣ አፉን በፎጣ ስትጠርግለት ግን እጇ በራሱ ቀስ አለ፣ እጇ ኩርፊያ አያውቅም።

ጥሩምባ። ባለታክሲው ነው፣ ጋሼ እንውጣ መንገዱ ሳይዘጋ። እጅጌው ገና አንዱ ነው ያለቀው፣ ይሁን በዚያኛው ሸሚዝ ይሂድ፣ ትከሻው ላይ ኮቱን ጣል ታደርግለታለች፣ አንገትጌውን ታስተካክላለች፣ አትመጪም ወይ ስሚ፣ ያን ጀሶ የሚቆርጡበትን መጋዝ ድምፁን አልወደውም፣ እሺ፣ እሺ አባቷ በደህና ተመለስ። መጋዙ ሰበብ ነው፣ እሱም ሰበብ መሆኑን ያውቃል፣ ምን አስቀየምኩሽ ሊል አፉን ከፈተና ባለታክሲው ፊት ተወው። በሩ ተዘጋ። መኪናው ሄደ። ቤቱ ጭር አለ፣ ቀን በቀን ሳሎን ክሬም ስትሰማ ከርማ ጭርታው ራሱ ጆሮዋ ውስጥ ይጮኻል።

ስልኩ ቀርቷል። ምን ይዞት ይሄዳል፣ ኪሱ ውስጥ ማን ይከተዋል። በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች፣ መጽሐፉን ተደግፎ፣ ፊቱ ጠቁሮ። የሰው መስመር አይሰማም፣ ማዞሪያ ክፍል የገባች ቀን መጀመሪያ ያስተማሯት ይህን ነው፣ አገናኚ፣ ውጪ፣ ጆሮሽን ይዘሽ ውጪ፣ ጠብቃዋለች፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት፣ ሁለቴ ብቻ ካልሆነ፣ አንደኛው የዳይሬክተሩ ፍቅረኛ ስለነበረች ማንም ቢሆን ይሰማ ነበር። ግን ይሄ የሰው መስመር ነው? የባሏ አይደል? የባሏ ነው፣ የባሏ ደግሞ ሰው ነው፣ ደግሞ ነገ ሐሙስ ነው፣ ደግሞ ዓርብ አዳራሹ ውስጥ ያቺ የተያዘች የመሰለች ሴትዮ በትልቁ ታትማ ልትሰቀል ነው፣ ደግሞ እውነቱን ለመናገር የአዳራሹ ነገር አይደለም የሚያስገባት፣ ውርርዱ ነው፣ ማሸነፏን በዓይኗ ልታየው ነው። ትገባለች። ወንበሩ ገና ይሞቃል።

ጤና ይስጥልኝ፣ ትላለች፣ በሥራ ድምፅዋ። ስልኩ ይበራል፣ ዝም ይላል። እኔ፣ ትላለች። ምንም ፎቶ አልተገኘም። አይ እንግዲህ፣ ባልደረባን እንዲህ አይመልሱም። ምሳ ዕቃ። ምንም ፎቶ አልተገኘም። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ሰማያዊ ቀሚስ ነበረኝ እኮ። ምንም ፎቶ አልተገኘም። እሺ የኔ እመቤት፣ ግድ የለም፣ እንግዲያው ያን ሳምንታት ሙሉ ያሰለቸኝን ስጪኝ፣ ሜትሩን ስጪኝ፣ እስቲ ስንት ሜትር ሰብስባችኋል፣ እና በእልህ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየረገጠች፣ ልኬት።

ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶዎች ተገኝተዋል።

እሷ ናት። መነጽሬ የት አለ፣ አንገቷ ላይ ነው፣ ታደርገዋለች፣ እሷ ናት። ምሳ ዕቃ ያንጠለጠለች፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ሰማያዊው! ፎቶው ሥር ሳሎን፣ ክሬም፣ ሁለተኛ እጅ፣ ልኬት ይላል፣ ክሬሙ ግን የታለ፣ ግድግዳው ጭጋግ ነው፣ የቀለሙ እጅ አንድ ይሁን አምስት ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ ጥርት ብላ የምትታየው እሷ ነች፣ ቅንድቧ፣ የቀሚሷ ቁልፍ፣ አንገቷ ላይ ያለችው ማርያም የሳመቻት ምልክት። ቀጣዩ። እሷ። ቀጣዩ። እሷ፣ ግድግዳው ጭጋግ። ወይ ጉድ። ግድግዳ ላነሳ ብሎ ግድግዳውን እንዲህ የሚያበላሽ ባለሙያ፣ ለባለቤቱ ሊያሳይ፣ በየትኛው ዓይኑ። እና ለብቻው የግድግዳው ሌላ ፎቶ አለው፣ እሱ ጥርት ያለው፣ ክሬም በለው ያመጣልሃል፣ እንግዲያው ይሄ ምንድን ነው፣ ይሄ ለምን ተነሳ።

ኮሪደር፣ ነጭ፣ ልኬት። ሆዷ እስከዚህ ድረስ፣ ልጅቷን የስምንት ወር እርጉዝ፣ ወደ ጎን ዙሪ ያላት ቀን፣ ኮሪደሩ ጠባብ ነው ስፋቱን ልየው ብሎ፣ እሷ ደግሞ በኔ ሆድ ኮሪደር ትለካለህ ወይ ብላው አኩርፋ፣ ኩርፊያው ራሱ ፎቶው ላይ አለ፣ ከንፈሯ ላይ፣ እና ሆዷ ላይ መስኮቱ ብርሃን ጥሎበታል፣ ያን ብርሃን ያየ ሰው ኮሪደር አላየም። ደረጃ፣ ግራጫ፣ ልኬት። ይሄ እናቷ የሞቱ ሰሞን ነው፣ ጥቁር ለብሳ፣ ምሳ ማድረስ እንኳ አልነበረባትም፣ ቤት አልቆም ብሏት ሄደችበት፣ እስቲ እዚያ ጋ ቁሚ ሲላት ዛሬም? ብላ ጮኸችበት፣ ዛሬም አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ዛሬም። ረስታው ነበር፣ ዛሬም ያለበት ድምፅ አሁን መጣላት፣ ዝቅ ያለው፣ የለሰለሰው፣ ልኬት የሚልበት። ድምፅ ነው ሙያዬ ትያለሽ፣ ትላለች ለራሷ፣ ሙያዬ ድምፅ ነው ትያለሽ አንቺ ደንቆሮ።

ቆይ። ይሄ የት ነው። ሻንጣ ይዛለች። ጣቢያ፣ ሰማያዊ፣ ልኬት። ለስድስት ወር ሥልጠና ስትሄድ የአውቶቡስ ጣቢያው፣ ሰው ሲጋፋ፣ እስቲ እዚያ ጋ ቁሚ አላት፣ እንዴ ጣቢያውንም ልትቀባው ነው? አለችው፣ ሊሰጡኝ ይችላሉ አለ ዓይኑን ሳያነሳ፣ እሷም አመነችው! ማን ነው ጣቢያ የሚሰጠው፣ ያኔ የቀለም ሩሎ እንኳ የራሱ አልነበረውም፣ እና እሷ ስድስት ወር ሙሉ በየደብዳቤው ጣቢያውን ሰጡህ ወይ እያለች ስትጽፍለት። ብቻዋን ትስቃለች፣ ቤቱ ውስጥ ጮክ ብላ፣ እንባዋ መነጽሩ ላይ ይወርዳል፣ በሸሚዙ እጅጌ ትጠርገዋለች፣ ለካ ይዛው ነው የመጣችው፣ መርፌው እንደተሰካበት።

ሜትሩ። ሜትሩ እኮ ወገቡ ላይ ነበር፣ ቀበቶው ላይ የሚንጠለጠለው ቢጫው ሜትር፣ ምሳ ሲበላ እየወጋው ወዲያ የሚገፋው፣ እሁድ እንኳ ረስቶት አድርጎት የሚወጣው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አይታዋለች፣ ሱሪውን ባጠበች ቁጥር ከቀበቶው ፈታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣዋለች፣ ሜትር ታጥቆ የሚዞር ሰው በሚስቱ ቁመት ግድግዳ ይለካል? አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ብላ አታውቅም፣ ወገብህ ላይ ያለው ምንድን ነው ብላው አታውቅም። እሱ እንደሆነ አይናገርም፣ ፎቶ ላንሳሽ ማለት ለእሱ ቆንጆ ነሽ ማለት ነው፣ ቆንጆ ነሽ ማለት ደግሞ ገደል መግባት ነው፣ ቁመቱን ልየው ቢል ይቀለዋል። ኧረ የኔ አፋር። የኔ አፋር ሰውዬ።

የመጨረሻው የቅርብ ነው፣ የሰው ኩሽና፣ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቀኑ ተጽፏል፣ ቀኑን ታውቀዋለች፣ ፀጉር ቤት የሄደችበት ቀን ነው፣ ከዚያው ቀጥ ብላ ቁልፍ ልትቀበለው ሄዳ፣ እስቲ እዚያ ጋ ቁሚ፣ ቆመች፣ አጭር ፀጉር፣ ሽበቱ ፈክቶ፣ አንገቷ ወጥቶ። አይቷል። በዚያው ቀን፣ በዚያው ደቂቃ አይቷል፣ ለማውራት ነው ሳምንት የፈጀበት።

እና ወደ ኋላ፣ ወደ መጀመሪያው፣ ጣቷን እየሳበች ወደ መጀመሪያው ወደ መጀመሪያው። ማዞሪያ ክፍል፣ አረንጓዴ፣ አንደኛ እጅ፣ ልኬት። ሥራ የጀመረች ሰሞን ክፍሉን ሊቀቡ የመጡ ጊዜ፣ መስመር ስለማይዘጋ እነሱ እየሠሩ ሲቀባ፣ ሦስት ቀን ቀለም እያሸተቱ፣ በሦስተኛው ቀን ነው ያ መሰላል ላይ የሚውለው ልጅ መጥቶ እስቲ እዚያ ጋ ቁሚ ያላት፣ እሷ እንደምታውቀው ነገራቸው የተጀመረው ያኔ ነው። ይሄ ግን የሦስተኛው ቀን አይደለም። ግድግዳው ገና ግማሹ አልተቀባም። አንደኛ እጅ፣ የመጀመሪያው ቀን ነው። ከላይ ነው የተነሳው፣ ከመሰላሉ ላይ፣ ማዳመጫውን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ አንድ እጇ ሽቦ ላይ፣ አፏ ከፈት ብሎ አንዱን ደዋይ ከሌላው ልታገናኝ፣ ሃያ ምናምን ዓመቷ፣ አታውቅም፣ እያያት መሆኑን አታውቅም፣ ፎቶው ጠርዝ ላይ የመዳፍ ያህል አረንጓዴ ቢኖር ነው፣ ከዚያ ውጪ ግድግዳ የሚባል ነገር የለበትም። የለም። ልኬት ብሎታል።

ስልኩን አትነካውም። እዚያው ትቀመጣለች። ዓይኗን ያደበዘዘው መነጽሩ አይደለም፣ ተሸነፍኩ ትላለች፣ እንዲህ ያለ መሸነፍ አይታ አታውቅም። እጅጌውን አንስታ የቀረውን ትሰፋለች፣ ስፌቱ ትንሽ ይጣመማል፣ ይጣመም።

መኪናው። በሩ። ስሚ መጣሁ፣ ይላል፣ በሁለት እጁ ኮቱን ይዞ፣ ሁለት እጅ! ቀጥነዋል፣ ነጭተዋል፣ ቆዳው እንደ አሮጌ ቀለም እየተቀረፈ ነው፣ እሱ ራሱ ጉዱን አየሽ፣ ስቱኮ ያስፈልገኛል ይላል፣ ትስቃለች፣ ከትናንት ጀምሮ ለእሱ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት፣ ደንገጥ ብሎ ያያታል፣ ከዚያ ጠረጴዛውን፣ ከዚያ ስልኩን፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ያለውን አረንጓዴ፣ ጆሮው ይቀላል። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጆሮው ይቀላል።

ለመሥሪያ ቤቱ የትኛውን እንላክላቸው፣ ትለዋለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

ያን አረንጓዴውን ነዋ፣ ሌላማ ይሆናል እንዴ፣ ይላል ወለሉን እያየ።

ሸሚዙን ትሰጠዋለች፣ እጁ እጅጌው ውስጥ ይገባል፣ ያለምንም ችግር፣ ቁልፉን ራሱ ሊቆልፍ ይታገላል፣ ጣቶቹ ገና አልተገሩም፣ ትቆልፍለታለች፣ አንድ ሁለት ሦስት፣ ልቡ በመዳፏ ሥር ይሰማታል። የሚባለውን ሁሉ ልትለው ትችላለች፣ አፏ ድረስ መጥቷል፣ ጣቢያውን ልትለው፣ ኮሪደሩን፣ ዛሬም ያለውን፣ ግን ታውቀዋለች፣ ቢባል ገደል ይገባል፣ በሩን ከፍቶ ቀለም ልገዛ ብሎ ይወጣል። እናም ስልኩን ከመጽሐፉ ላይ ታነሳለች። ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስት።

አባቷ።

አቤት።

እስቲ እዚያ ጋ ቁም።

የቱ ጋ?

ግድግዳው ጋ። ቁመቱን ልየው።

ያያታል፣ ብዙ ያያታል፣ ከዚያ ኮቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ የራሳቸው ሳሎን የራሳቸው ግድግዳ ጋ፣ ራሱ የቀባው ክሬም ጋ ሄዶ ይቆማል፣ አዲሶቹን እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጨንቆታል፣ አንዴ ወደ ኪሱ አንዴ ወደ ኋላው፣ እሷ ስልኩ ላይ ፊቱን በጣቷ ትነካለች፣ ፊቱ ይጠራል፣ ግድግዳው ወደ ኋላ ሄዶ ጭጋግ ይሆናል። ቀጭ። ስልኩን ወደ አፏ ታስጠጋለች፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ለማያውቋት ሁሉ ያወጣችውን ያን ድምፅ አይደለም የምታወጣው፣ ሌላ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ሳሎን፣ ትላለች፣ ክሬም፣ ሁለተኛ እጅ፣ ልኬት።

ተመዝግቧል።

አመሰግናለሁ የኔ እመቤት።

አለቀ ወይ? ይላል ከግድግዳው ጋር፣ ድምፁ ተሰብሮ።

ገና ነኝ፣ አትነቃነቅ።